ቁራ ያስተማረው የአደም ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ!

በአረፋ ዕለት፣ ኡዱሂያው ታርዶ ብዙም ሳይቆይ፣ ደሴ ላይ ቀና ብላችሁ በጦሳ ተራራ በኩል ያለውን ሰማይ አይታችሁታል? አሞራው ይዞራል። ልጆች ድንጋይ ያነሱበታል፤ እኛም "ጥንብ በል" እያልን እንጠየፈዋለን።

አላህ ግን በሱረቱል አንዓም ቁጥር 38 በምድር የሚሄደውም በክንፎቹ የሚበረውም እንደናንተው ያሉ ኡማዎች፣ ሕዝቦች ማለት ነው፣ ናቸው ይለናል። ኡማ! እኛ የምንኮራበትን ቃል ነው ለወፍ የሰጠው። ያለ ሥራም አልፈጠረውም።

የጆፌ አሞራን ሥራ ሕንዶች ያወቁት ካጡት በኋላ ነው። ለታመሙ ከብቶች ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ይወጉ ነበር። ከብቱ ሲሞት መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ያን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት የአሞራ ዝርያዎች ከ100 እጅ ከ95 በላይ አለቁ። በድኑን የሚያነሣ ጠፋ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ መጣ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ሲታገድ ብዙው አልቆ ነበር። (ዘመኑ በፈረንጆች ነው።) ሱብሃነላህ፣ የአንድ ወፍ መጥፋት ከሰው ቤት ደጅ ደረሰ!

በእኛም አገር ለጅብና ለውሻ ተብሎ የሚመረዝ ሥጋ አሞራውን አብሮ ይገድላል። ይህን እያወቁ ማድረግ አማናን፣ የተሰጠንን አደራ፣ መብላት ነው ብዬ አምናለሁ።

በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 31 ወንድሙን የገደለው የአደም ልጅ ሬሳውን የት እንደሚያደርስ ጨነቀው። አላህም መሬት የሚጭር ቁራ ላከለት። መቅበርን ያየነው ከወፍ ነው፤ እኛ ግን ዛሬም የእርዱን አንጀትና ፈርስ ቦርከና ወንዝ ውስጥ የምንጥል አለን። ቦርከና ከእኛ ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው። ታች ያለው ወንድማችን በዚያው ውኃ አትክልት ያጠጣል።

ስለዚህ ለመጪው አረፋ ከአሁኑ በየመስጂዳችን እንነጋገር። ጉድጓዱን ከዋዜማው የሚቆፍሩ ወጣቶች ይመረጡ፤ ፈርሱ ከወንዙ ርቆ ይቀበር። መድኃኒት ተወግቶ የሞተ ከብት ያላችሁም ሜዳ ላይ አትጣሉት፤ በጥልቀት ቅበሩት።