የአንድ ጊዜ ፕላስቲክ ምንድን ነው?

ከጉልት ጎመንና ቲማቲም ገዝተን ቤት እስክንደርስ ብዙ ጊዜ አይፈጅብንም። ፌስታሉ የሚያገለግለን ለዚያች መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እኛ አርጅተንም እሱ የሆነ ቦታ አለ። የአንድ ጊዜ ፕላስቲክ የሚባለው ይህ ነው፤ አንዴ አገልግሎ እንዲጣል ታስቦ የተሠራ ፕላስቲክ። ፌስታል፣ የውሃ ሃይላንድ፣ ስትሮው፣ የቴክ አዌይ ዕቃ፣ ለድግስ የሚገዛው ስስ ሳህንና ኩባያ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ።

ጄሪካንና ባልዲም ፕላስቲክ ናቸው። እነሱ ግን ለዓመታት ውሃ ይቀዳባቸዋል። ሲሰነጠቁም ቆራሌው ገዝቷቸው ይሄዳል። ስለዚህ አንድን ዕቃ ስንመዝን ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንዳገለገለም መጠየቅ አለብን። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድማለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

መጀመሪያ ጉዳቱን እንይ። ፌስታል የሚሠራው ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ እንደ ሙዝ ልጣጭ በስብሶ አፈር አይሆንም። ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ በዓይን እስከማይታይ ድረስ ይደቃል፤ ግን ያው ፕላስቲክ ነው። ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያነሳዋል። ክረምት ሲገባ ቱቦ ይደፍንና ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የከብቶቹ ነገር ነው። ላምና በግ ቆሻሻ ላይ ሲግጡ የምግብ ሽታ ያለውን ፌስታል አብረው ይውጡታል። ሆዳቸው ውስጥ ስለማይፈጭ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እንስሳው የጠገበ ይመስለዋል፣ ግን ይከሳል፤ አንዳንዱም ይሞታል።

«ሪሳይክል ይደረግ የለ?» የሚል አይጠፋም። በዓለም ላይ በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ፕላስቲክ ይመረታል። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከተጣለው የፕላስቲክ ቆሻሻ ሁሉ እንደገና ጥሬ ዕቃ የሆነው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሃይላንዱን የሚለቅም ሰው አለ፣ ገዢም አለው። በጭቃና በዘይት የተለወሰ ስስ ፌስታል ግን ማን ያነሳዋል? አጥቦ ለመሸጥ የሚወጣው ድካም ከዋጋው ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ «ስንት ጊዜ?» ጥያቄ እንመለስ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. የመገበያያ ቦርሳዎችን አወዳድሮ ነበር። ውጤቱ ብዙዎችን አስደንግጧል። ከአየር ንብረት አንጻር ብቻ ሲታይ፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ አንዴ ከሚጣል ፌስታል የተሻለ ለመሆን ከ130 ጊዜ በላይ ማገልገል አለበት። የወረቀት ከረጢት እንኳ 3 ጊዜ ይፈልጋል። ጥጥ ለማብቀል፣ ለመፍተልና ለመሸመን ብዙ ውሃና ጉልበት ይሄዳላ! ይህ ስሌት የተደፈነ ቱቦንና የሞተች ላምን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ፌስታል ይሻላል ማለት አይደለም። ነገር ግን በየስብሰባው የሚታደለውን የጨርቅ ቦርሳ ቁም ሳጥን ውስጥ እየከመሩ «ፕላስቲክ ትቻለሁ» ማለት እንደማያዋጣ ያሳያል። አንድ ቦርሳ ይበቃል። ያንኑ እስኪያልቅ መያዝ ነው።

አሁን ሱቆች የሚሰጡትን ጨርቅ የሚመስል ቦርሳም ልብ በሉ። አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ማለትም ራሱ ፕላስቲክ። ደጋግመው ከያዙት ጥሩ ነው። በየግዢው አዲስ ከወሰዱ ግን ወፍራም ፌስታል ገዙ ማለት ነው።

ደጋግሞ መጠቀም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዘንቢሉን ተዉትና እድርን ተመልከቱ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ትልልቁ ድስት የጋራ ነው። ለቅሶ ሲኖር ይወጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ስብስብ ዕቃ ለዓመታት ይገለገላል። ለስላሳና ቢራም እንዲሁ ነበር፤ ባዶውን ጠርሙስ ካልመለሱ ሙሉውን አያገኙም። ጠርሙሱ ፋብሪካ ሄዶ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ዛሬ ለስላሳው በፕላስቲክ እየመጣ፣ ድግሱም በሚጣል ሳህን እየተተካ ነው። ለእኔ ትልቁ ኪሳራ እዚህ ላይ ነው። የነበረንን የሚሠራ ነገር እየለቀቅን ነው።

ሕግስ? ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታሎችን ማምረትና ማስገባት ከልክላ ነበር። መሬት ላይ ብዙም አልታየም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢቶችን በቅጣት ጭምር ይከለክላል። ሩዋንዳ ይህን በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. አድርገውታል። ኪጋሊ ሲገቡ ኤርፖርት ላይ ፌስታልዎን ይቀበሉዎታል።

ከየት እንጀምር ለሚል፣ እኔ ከምግብ ብዬ እመልሳለሁ። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል። ትኩስ ሽሮ በስስ ፕላስቲክ መቋጠር ደግሞ ለጤናም አይመከርም፤ ሙቀትና ዘይት ሲገናኙ ፕላስቲኩ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ ለመግባት ይቀላቸዋል። ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ መሄድ ነው። ሥጋ ቤትም ቢሆን ዕቃ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሥጋ ቆራጭ እምብዛም አይገጥምም። ዳቦ በጨርቅ ይያዛል። ቡናው ከጀበና ከሆነ ስኒው እዚያው ይታጠባል፤ ቁጭ ብሎ መጠጣት ብቻ ነው። ውሃ ከቤት አፍልቶና አቀዝቅዞ በሚቆይ ኮዳ መያዝ በየቀኑ የሚገዛ ሃይላንድን ያስቀራል።

ሆስፒታል ውስጥ ያለው ሲሪንጅና ጓንት የተለየ ነው። እሱ አንዴ አገልግሎ መጣሉ ሕይወት ያድናል፤ ማንም እንዲቀንስ አይጠየቅም።

ቤት ውስጥ የተጠራቀመው ፌስታልስ? አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዛማ ነው፣ የሚጎዳውም መጀመሪያ አጠገቡ ያሉትን ልጆች ነው። ንጹሑን አጣጥፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡና እስኪቀደድ ተገበያዩበት። የቆሸሸው የቆሻሻ መያዣ ይሁን፤ አፉን በደንብ ቋጥራችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ።