«ጥቂት ነበርን፣ አያታችንም ወለደች»፦ የአንድ የስፔናውያን የምሬት አባባል ትርጉምና አመጣጥ

ስፔናውያን በችግር ላይ ችግር ሲደረብባቸው፣ በተለይም ቀድሞውኑ በተጨናነቀ ቤት ወይም በተወሳሰበ ሥራ መካከል ያልታሰበ ነገር ሲመጣባቸው፣ «ኤራሞስ ፖኮስ፣ ኢ ፓሪዮ ላ አቡዌላ!» ይላሉ። ቃል በቃል ሲመለስ «ጥቂት ነበርን፣ አያታችንም ወለደች» ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ መልእክቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው የእኛው አባባል የሚነገረው በዚሁ ቦታ ነውና። ሆኖም ሁለቱ የሚገናኙት በአገልግሎታቸው እንጂ በስሜታቸው አይደለም። የእኛው ሕመምን በሕመም ላይ ይደርባል፤ የስፔኖቹ ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚያሰኘውን የልጅ መወለድ ራሱን የመከራ ማሳያ ያደርገዋል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ የአባባሉ ጉልበት ያለውም በዚሁ ድፍረት ውስጥ ነው።

በአባባሉ ውስጥ «ጥቂት» የተባለው በሽሙጥ ነው። ተናጋሪው ሊል የፈለገው «ከልክ በላይ ብዙ ነበርን» ነው፤ ነገር ግን ብዛቱን በቀጥታ ከመናገር ይልቅ ተቃራኒውን አስቀድሞ፣ ሰሚው ራሱ እውነቱን እንዲደርስበት ያደርጋል። ሽሙጡን ያልወደዱ ወይም ያላስተዋሉ ተናጋሪዎች «ብዙ ነበርን፣ አያታችንም ወለደች» ብለው ሲያቃኑት ይሰማል፤ በእኔ አስተያየት ግን እንዲህ የተቃናው አባባል ጨው የሌለው ወጥ ነው። «አያታችን» በሚለው ፈንታ «አያቴ» የሚል መልክም አለው። የሁለቱ ግሦች አቀማመጥም ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። «ኤራሞስ» ሲቆይ የኖረን ሁኔታ ያመለክታል፤ «ፓሪዮ» ደግሞ በአንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለቀን ድርጊት ይናገራል። ስለዚህ አድማጩ በመጀመሪያ ሞልቶ የሚኖረውን ቤት ያያል፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ያልታሰበ ነገር ዱብ ሲል ይሰማል።

«ፓሪር» የሚለው ግሥ ራሱ ሸካራ ነው። ለእንስሳትም ለሰውም ይነገራል፤ ጨዋ ተናጋሪ ስለ አንዲት እናት ሲያወራ ግን ብዙውን ጊዜ «ዳር አ ሉስ»፣ ማለትም «ለብርሃን አበቃች» የሚለውን ይመርጣል፤ እኛም ለእናቲቱ አክብሮት «በሰላም ተገላገለች» እንደምንለው ነው። አባባሉ ሸካራውን ግሥ መርጦ ከቤቱ ሁሉ በላይ ለምትከበረው ሴት ማዋሉ ሳቁንም ምሬቱንም አንድ ላይ ያመጣዋል። «አያታችን ልጃቸውን በሰላም ተገላገሉ» ብንል ዜና እንጂ ምሬት አይሆንም።

ስለ አመጣጡ ሲነገር ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረ ንጉሥ ወይም ባለሥልጣን መፈለግ ትርፍ የለውም፤ አባባሉ የወጣው ከጓዳ ነው። በቀድሞው የስፔን ኑሮ፣ በተለይም በገጠሩ፣ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው የተለመደ ነበር። በአሥራ ሰባት ወይም በአሥራ ስምንት ዓመቷ የወለደች ሴት፣ ልጇም በዚያው ዕድሜ ብትወልድ፣ አርባ ሳይሞላት አያት ትሆናለች፤ ራሷም ገና መውለድ ትችላለች። ስለዚህ የአያት መውለድ ለሰሚው እንግዳ ቢሆንም ፈጽሞ የማይሆን ተረት አልነበረም፤ ከእህቱ ልጅ በዕድሜ የሚያንስ አጎት በእኛም አገር በየቤቱ የሚታወቅ ነው። ቀልዱ የሚያስቀው ሊሆን በሚችለውና በማይጠበቀው መካከል ስለቆመ ነው። ምራቶችና ሴቶች ልጆች ይወልዳሉ ተብሎ ይጠበቃል፣ አልጋውም ምግቡም ለእነርሱ ይታሰባል፤ አያቲቱ ግን ከዚህ ቆጠራ የወጣች ናት፤ ማንም ያልቆጠራት እርሷ ስትወልድ ደግሞ ቤቱ ያለው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

ቃሉ የሚናገረው እውነት በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ጎልቶ ታይቷል፣ ምንም እንኳ አባባሉ ከዚያ የሚቀድም ቢሆን። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ ከ1939 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ የስፔን ሕዝብ ዳቦና ዘይት የሚያገኘው በራሽን ካርድ ነበር። በዚያው ዘመን የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ብዙ ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጥ ሕግ በ1941 አውጥቶ ብዙ ለወለዱት በየዓመቱ ሽልማት ይሰጥ ነበር። መንግሥት ልደትን ሲሸልም ጓዳው ደግሞ ዳቦ እየቆጠረ ሲያካፍል፣ «ጥቂት ነበርን» የሚለው ሽሙጥ ማብራሪያ አያሻውም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በ1975 አንዲት ስፔናዊት በአማካይ ወደ 2.8 ልጅ ትወልድ የነበረ ሲሆን፣ በ2023 ቁጥሩ 1.1 ገደማ ደርሷል፤ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደውም እናቲቱ ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ስለዚህ የዘመኑ አያት ስትወልድ የማየት ዕድል የለም ማለት ይቻላል፤ ከ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ እንዲያውም ብዙ ቤተሰቦች ሥራ ሲያጡ የተደገፉት በአያቶች ጡረታ ነበር። አባባሉ ግን ከተነሣበት ኑሮ ተለይቶም ሕያው ነው።

በመጀመሪያ አባባሉ የሚያገለግለው ሰው በበዛበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ያለ ጊዜው ሲጨመር ነበር፤ የዛሬ ተናጋሪዎች ግን ለማንኛውም ተደራቢ ችግር ይጠቀሙበታል። በገና ዋዜማ በጠባብ አፓርታማ ውስጥ አሥር ሰው ማዕድ ከቦ ሳለ የአጎት ልጅ ከነውሻው ቢመጣ የቀድሞው ትርጉም በቀጥታ ይሠራል። በነሐሴ ሙቀት የሕንፃው አሳንሰር ተበላሽቶ፣ ጎረቤት ግድግዳ እያፈረሰ፣ በዚያ ላይ ውኃ ቢቋረጥ ደግሞ ማንም አልመጣም፣ ማንም አልተወለደም፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፍ ይወጣል። ብዙ ጊዜም ተናጋሪው «ኤራሞስ ፖኮስ...» ብሎ ያቆማል፤ አያቲቱን አድማጩ በልቡ ያስወልዳታል።

የስፓኒሽ ተናጋሪ በንግግሩ ቁጣውን የሚገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ይህን አባባል ከሌሎቹ የሚለየው ተከሳሽ የሌለው መሆኑ ነው። ተራውን ጠብቆ የቆመ ሰው ሌላው ቀድሞት ሲገባ «ኖ አይ ዴሬቾ!» ይላል፤ «እንዲህማ አይደረግም፣ ፍትሕ የለም!» እንደማለት ነው። ቀዳሚውን ራሱን ሲገሥጽ ደግሞ «ኬ ካራ!» ይላል፤ እኛ «ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው!» እንደምንለው። በእነዚህ ውስጥ በደል አለ፣ በዳይም አለ። አያቲቱን ግን ማን ይከሳታል? መውለድ ጥፋት አይደለም፣ ሕፃኑም ልምጣ ብሎ አልጠየቀም። ስለዚህ ቁጣው የሚያርፍበት ሰው ያጣና ወደ ሳቅ ይዞራል። በእኔ እይታ ስፔናውያን ይህን ቃል የሚወዱት ሰውን ሳያስቀይሙ ለመማረር ስለሚያስችላቸው ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ፣ ግን መራራነቱ የከፋ ሌላ አነጋገር አላቸው፦ «ፓራ ማስ ኢንሪ»። ኢንሪ የተባለው በጌታችን መስቀል ላይ የተጻፈው «የናዝሬቱ ኢየሱስ የአይሁድ ንጉሥ» የሚለው የላቲን ጽሑፍ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ከሥቃዩ በላይ መዘባበቻ ተጨመረበት እንደማለት ነው፤ ስለዚህ ከጉዳቱ ሌላ ውርደትም ላለበት ነገር ይስማማል። ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ስለ ትጋት ምክር ቢሰጠው የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ አያቲቱን በዚህ ቦታ ማንሣት ነገሩን ያቀልለዋል።

አያት በስፓኒሽ የንዴት ቃላት ውስጥ በሌላ ቦታም ትታያለች። የማይታመን ነገር ለሚያወራ ሰው «ሂድና ለአያትህ ንገራት» ይሉታል፤ አያት የልጅ ልጇን ሁሉን ታምነዋለችና። ራሱን ለሚያወድስ ሰው ደግሞ «ይኼ ሰው አያት የለውም» ይሉታል፤ የምታሞግሰው ስለሌለች የአያቱን ሥራ ራሱ ይዞታል ማለት ነው።

አባባሉን ለመጠቀም የሚፈልግ የአማርኛ ተናጋሪ ቦታውን ሊመርጥ ይገባል። ስለመጣው እንግዳ እርሱ እየሰማ ከተነገረ «አንተ ትርፍ ነህ» ማለት ይሆናል፤ እርጉዝ ሴት ባለችበትም ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አይቀርም። ለቅርብ ወዳጅ፣ ለሥራ ባልደረባና ለቤተሰብ የሚስማማ የአፍ ቃል በመሆኑ ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ አቤቱታ ውስጥ አይገባም። እዚያ የሚጻፈው «ፓራ ኮልሞ»፣ በእኛ «ይባስ ብሎ»፣ ወይም «ፖር ሲ ፉዌራ ፖኮ»፣ በእኛ «ይህም አልበቃ ብሎ» ነው፤ በቃል ለሚነገር አጭር ምሬት ደግሞ «ሎ ኬ ፋልታባ!» አለ፣ እኛም ያለ ልዩነት «ይሄ ነበር የቀረን!» የምንለው።