በጋላክሲ ክምችት ውስጥ «ግብረ መልስ» ምንድን ነው?

ስለ ጋላክሲ ክምችት፣ ማለትም በስበት ስለተሳሰረ የጋላክሲዎች መንጋ፣ «ጥቁር ጉድጓዱ ለጋዙ ግብረ መልስ ይሰጠዋል» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። በየሥልጠናው ማብቂያ የሚሞላው ቅጽ ጠፈር ላይም ያለ ይመስል! ሌላው አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ማሞቅ ማለት ነው» ብሎ ያርመዋል። ግማሹን ስለሚያውቅ ይኼኛው የበለጠ ያናድደኛል።

ማሞቅ ብቻ ቢሆን ምድጃ እንለው ነበር። ግብረ መልስ የምንለው ሥራው ዞሮ ሠሪውን ሲነካው ነው። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና የሚጠጣ ሰው ነገሩን በየቀኑ ያየዋል፦ ጀበናው ይገነፍላል፣ አረፋው ከሰሉ ላይ ይፈሳል፣ ፍሙ ቸስ ብሎ ይደክማል፣ ግንፍልታው ይበርዳል።

በክምችቱ መሐል ያለው ጋዝም ኤክስሬይ እየረጨ ሙቀቱን ያጣል። የቀዘቀዘው ወደ መካከለኛው ጋላክሲ ወርዶ ጥቁር ጉድጓዱን ይቀልባል። ከጉድጓዱ ዙሪያ (ከውስጡ አይደለም) ጄት የምንላቸው ዥረቶች ተፈናጥረው ጋዙን ያሞቁታል፤ ቀለቡ ይቀንሳል፣ ጄቱም ይደክማል። ከዚያ ጋዙ እንደገና ይቀዘቅዛል። ጀበናዬ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ምድር ላይ ማራገቢያ የምታነሳ ቡና አፍይ አለች፤ እዚያ ግን የቀዘቀዘው ቡና ራሱ ከሰል ይሆናል።

240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው የፐርሲየስ ክምችት ውስጥ ጄቶቹ የነፏቸውን አረፋዎች ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ የጠፈር ቴሌስኮፕ በግልጽ አሳይቷል። የሚያሞቀው ባይኖር በእንዲህ ዓይነት ክምችቶች መሐል በየዓመቱ መቶዎች ፀሐዮችን የሚያህል ጋዝ ቀዝቅዞ መውረድ ነበረበት። ያን ያህል አልተገኘም።

«ኮምፒውተር አረጋግጦታል» የሚሉትንም አንድ ልበላቸው። ክምችቱ የሚለካው በሚሊዮን የብርሃን ዓመታት ነው፤ ጥቁር ጉድጓዱ ግን ሥርዓተ ፀሐያችንን ቢያህል ነው። ክምችቱን በኮምፒውተር የሚያስመስለው ሞዴል አያየውም። ከሚወድቀው ጋዝ ጉልበት ስንት እጁ ወደ ሙቀት እንደሚመለስ ቁጥር የምንሰጠው እኛው ነን፤ ቁጥሩንም ብዙ ጊዜ የምንመርጠው የጋላክሲዎቹ ክብደት በሰማይ ከሚታየው ጋር እንዲገጥም አድርገን ነው። ታዲያ ክብደቱ ገጠመ ተብሎ ምን ያስጨበጭባል? ፈተናው ባላስተካከልነው ነገር ላይ ነው፦ የጋዙ እፍጋት ከመሐል ወደ ዳር እንዴት እንደሚሳሳ፣ ጋዙ ምን ያህል እንደሚናወጥ። ሂቶሚ የተባለው የጃፓን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2016 የፐርሲየስን መሐል ሲለካ የመናወጡ ፍጥነት በሰከንድ 164 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆነ። ያን ሁሉ አረፋ ለተሸከመ ጋዝ ይህ እርጋታ ነው፤ ጄቶቹን አብዝቶ የሚያስጓራ ሞዴል ይህንኑ ቁጥር ማውጣት አለበት።