ደግማችሁ ከመፈተናችሁ በፊት ውጤታችሁን አንብቡት

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ደሴ ውስጥ ተማሪ ባገኘኝ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ነው። «ቲቸር፣ በቃ ዘንድሮ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ ሁሉንም እንደ አዲስ ላነብ ነው!» እውነቱን ልናገር፣ ሰልችቶኛል። በዚህ ዕቅድ ዓመቱን ሙሉ ለፍተው እዚያው ነጥብ ላይ የቆሙ ልጆች አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ወደሱ ከመግባቴ በፊት ግን ሁለት ትንንሽ ስህተቶችን ላንሳ።

«ሃምሳ ካላመጣሁ ጭንቅላቴ አይሠራም።» በ2014 ዓ.ም. ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። የቀረው ሁሉ ጭንቅላት የለውም?

«አፕቲትዩድ አይጠናም።» የማገናዘብ ችሎታን የሚለካው ይህ ፈተና እንደ ፊዚክስ ሁሉ ከመቶ ይያዛል። ልምምድ ደግሞ በደንብ ይለውጠዋል።

«ሁሉንም እንደ አዲስ ላንብብ።»

ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ውጤታችሁ የመጣው በየትምህርቱ ተለይቶ ነው። ተማሪው ግን ድምሩን አይቶ ያለቅሳል፣ ከዚያ ስልኩን ይዘጋል። ዝርዝሩን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ከ600 271 አምጥታ መጣች። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። እንግሊዝኛ 38፣ ሂሳብ 31፣ አፕቲትዩድ 52፣ ፊዚክስ 44፣ ኬሚስትሪ 47፣ ባዮሎጂ 59። ለማለፊያው 300፣ ማለትም ለሃምሳ በመቶ፣ የጎደላት 29 ነጥብ ነው። ምን እያጠናች ነበር? ባዮሎጂ! ስለምትወደው። የሂሳብ መጽሐፏን ከፈተናው ወዲህ አልከፈተችውም። 59ን 65 ለማድረግ ስትደክም 31 እና 38 ተረስተዋል።

የፈተና ወረቀታችሁ አይመለስላችሁም። ስለዚህ ምን እንደሳታችሁ ለማወቅ ያለፈ ዓመት ፈተና ውሰዱ። ስልክ አጥፉ፣ ሰዓት ያዙና እንደ እውነተኛው ሥሩት። ከዚያ አርሙት። የሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ ደብተር ላይ በሦስት ክፈሉት፦ ጨርሶ የማላውቀው፣ እያወቅሁ ጥያቄውን በደንብ ሳላነብ የሳትኩት፣ ሰዓት አልቆ የገመትኩት። መጽሐፍ ማንበብ የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለሁለተኛው «የማይሆነው የቱ ነው» የሚለውን ዓይነት ቃል እያሰመሩ ማንበብ ይለመዳል። ለሦስተኛው ደግሞ ከባዱን ዘሎ ቀላሉን ቀድሞ መሥራት። ዕቅድ የሚወጣው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

ልጅቷ ሂሳብ ላይ ሰዓቷን የምትጨርሰው ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ጥያቄዎች ጋር ስትታገል ነበር። የኋለኞቹን ቀላሎች አታያቸውም። እንግሊዝኛ ላይ ምንባቡን ለመጨረሻ ትተወውና ሳታነበው ትገምታለች። ደግማ ስትፈተን ሂሳብ 48፣ እንግሊዝኛ 54 አመጣች። ባዮሎጂ ሁለት ነጥብ ቀነሰባት፣ ሌላው ባለበት ቆየ። አለፈች።

«ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መሸምደድ ይበቃል።» አይበቃም። ጥያቄው ቁጥሩ ተቀይሮ ሲመጣ የሸመደደ ልጅ ይጠፋዋል። መልሱን ሳይሆን ለምን ሌሎቹ ሦስቱ ምርጫዎች ስህተት እንደሆኑ ማስረዳት ከቻላችሁ ያኔ አውቃችሁታል።

«የወደቅኩት ኦንላይን ስለሆነ ነው።» ለአንዳንዱ እውነትነት አለው። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ይደናገጣል። መፍትሔው ግን አጭር ነው፤ ከፈተናው በፊት ኮምፒዩተር ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልጎ እጅን ማለማመድ።

«ደግሞ መፈተን ነውር ነው።» ይህን የሚሉት በአብዛኛው ወላጆች ናቸው። እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታስተያዩት። በግል ተፈታኝነት መቀመጥ የተፈቀደ መንገድ ነው። የሬሜዲያል (ሃምሳ በመቶ ላልሞላላቸው የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) መግቢያ ነጥብ ያመጣ ልጅ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ያንን አብራችሁ ተማከሩበት። በግል መፈተን ከመረጠም የምዝገባው ቀን እንዳያልፈው አስታውሱት፤ በየዓመቱ በዚህ ብቻ የሚቀሩ ልጆች አሉ።