በቤት የሚሠራ የፕላንክተን ማራቢያ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ፕላንክተን በውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ዕፅዋትና እንስሳት ናቸው። ኮራል (በባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ያለበት የጨው ውሃ አኳሪየም (የመስታወት ገንዳ) የያዘ ሰው ለኮራሎቹና ለዓሣ ጫጩቶቹ ይህን ምግብ በሕይወቱ ማቅረብ ከፈለገ ራሱ ማራባት ይኖርበታል። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ ለሚኖር ሰው ማራቢያውን ከሃይላንድ፣ ከጀሪካንና ከጎማ ቱቦ መሥራት ይቻላል። ከግብአቱ አብዛኛው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አይጠፋም።

ታሪክ

አርቴሚያ የተባለችው ትንሽ የጨው ውሃ እንስሳ ለዓሣ ጫጩት ምግብነት የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ሮቲፈር የተባለችው ደቃቅ የውሃ እንስሳ ደግሞ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ተከተለች።

የአገራችን ፕላንክተን ታሪክ ከዚህ በእጅጉ የዳበረ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙትን የቢሾፍቱ ሐይቆች ተመራማሪዎቹ ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር አጥንተው ጥልቀታቸውንና ኬሚካላዊ ይዘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሦስቱ ከሌላው ተመራማሪ ከታሊንግ ጋር ሆነው ከእነዚሁ ሐይቆች በአረንጓዴ ሐይቅና በቂሎሌ የፎቶሲንተሲስን (በብርሃን ምግብ የመሥራትን) መጠን በለኩበት ጥናት፣ ሐይቆቹ የተፈጥሮ ውሃ ሊደርስበት ከሚችለው ጣሪያ አጠገብ መሆናቸውን አሳዩ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ያን ጊዜ ስፒሩሊና ይባል የነበረው ደቂቅ አካል ነው። ዛሬ በአብዛኛው አርትሮስፒራ ይባላል፤ ስሙ ላይ ግን የሳይንስ ሰዎች አሁንም አልተስማሙም። ቂሎሌ በኋላ የደረሰበት ለማንኛውም አራቢ ሊታወስ የሚገባው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1989 የሞጆ ወንዝ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ከተደረገ በኋላ ጨዋማነቱ ወረደ፤ አርትሮስፒራውም ቦታውን ለሌሎች አልጌዎች (በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ደቃቅ ዕፅዋት) ለቀቀ። ዓለም ያደነቀው አረንጓዴ ውሃ በአንድ ቦይ ተለወጠ።

የእነዚህ ሐይቆች ውሃ ግን ለኮራል አይሆንም። ካርቦኔቱ የበዛ፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ያነሰ ነው፤ የኮራል ባሕር ደግሞ በኪሎ 0.4 ግራም ካልሲየምና 1.3 ግራም ማግኒዚየም ይፈልጋል።

ሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ሥራው ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ዓሣ ላይ ነው። ሆኖም ለቆሮሶ ዓሣ ኩሬ ፍግ ጨምሮ ውሃውን አረንጓዴ ማድረግ፣ ማለትም ዓሣውን ሳይሆን መጀመሪያ ፕላንክተኑን መቀለብ፣ ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ ጋር አንድ ሥራ ነው።

ዕቃው

መሠረታዊው ዕቃ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ነው። ቂጡ ይቆረጥና በአፉ ተደፍቶ ይቆማል፤ ክዳኑ እንደተዘጋ ይቆያል። የማይታጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ ከላይ ገብቶ እስከ አንገቱ ይወርድና አየር ይለቅበታል። አየሩ ከታች ስለሚነሣ ምንም ነገር ወለል ላይ አይተኛም። ክዳኑን በስቶ አየሩን ከሥር የሚያስገባም አለ፤ ሲሊኮኑ ሲላቀቅ ግን ሙሉው ውሃ መሬት ላይ ነው። ጫፉ ላይ የአየር ድንጋይ ማድረግ አይመከርም፤ ደቃቅ አረፋው ሮቲፈርን ይጎዳል፣ ውሃውንም ያስረፋል። አየሩን ለመመጠን አዲስ የግሉኮስ መስመር መቆጣጠሪያ ከማንኛውም የአኳሪየም ቫልቭ ጋር የሚወዳደር ይመስለናል። ፓምፑ ከውሃው በላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያበላሻል።

ለአልጌ የሚሆነው ጠርሙስ ከተራ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ፊት ይቀመጣል። ናኖክሎሮፕሲስ የተባለችው አልጌ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ስለሆነች ለሮቲፈር ትመቻለች። የአልጌው ማዳበሪያ ተመራማሪዎቹ ጊያርና ራይዘር እ.ኤ.አ. በ1962 ካወጡት ቀመር የመጣ ነው፦ በሊትር 75 ሚሊ ግራም ሶዲየም ናይትሬት፣ 5 ሚሊ ግራም የፎስፌት ጨው፣ ጥቂት ብረትና ሌሎች ማዕድናት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ባዮቲንና ታያሚን። ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ 46 ከመቶ ናይትሮጂን ስለሆነ ለአልጌ ሊያገለግል ይችላል፤ ሲበዛ ግን አሞኒያ ይፈጥርና ሮቲፈሩን ይገድላል።

ወንፊቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዱቄት ወንፊት ሮቲፈርን አይይዝም። ቲሸርት የሚያትሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት የስክሪን ጨርቅ ግን ለዚሁ የተሠራ ይመስላል፦ በሴንቲ ሜትር 120 ክር ያለው ቀዳዳው 50 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ሮቲፈር አያልፍበትም። 43 ክር ያለው ደግሞ 150 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያን ይይዛል። የአልጌና የሮቲፈር ዕቃ ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ አንዲት ሮቲፈር አልጌ ጠርሙስ ውስጥ ከገባች ሙሉውን ትጨርሰዋለች።

ጨው፣ ከፍታና ብርድ

አርቴሚያ ለማስፈልፈል የአፍዴራ ጨው በሊትር ከ25 እስከ 30 ግራም ይበቃል። ለኮራሉ ገንዳ ግን ገበታ ጨው አይሆንም፤ የተሟላ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን በሶዲየም ታዮሰልፌት ይወገዳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በ25 ዲግሪ የባሕር ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ሲይዝ እዚህ 5 ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙ ነፍሳት የታጨቁበት ሮቲፈር ጠርሙስ አየሩ ሲቋረጥ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ሌላ ዕቃ ይቀድማል። አርቴሚያ በ28 ዲግሪ ሙቀት በ24 ሰዓት ትፈለፈላለች። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ትዘገያለች፤ ጠርሙሶቹን በአንድ ሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ አሰልፎ ሳፋውን በአንድ ማሞቂያ ማሞቅ ለእያንዳንዱ ማሞቂያ ከመግዛት ይረክሳል።

አጠቃቀም

አረንጓዴ አልጌ ኮራልን በቀጥታ ይመግባል ወይ የሚለው ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1995 በቀይ ባሕር በአቃባ ባሕረ ሰላጤ በተደረገ ጥናት ዴንድሮኔፍትያ የተባለው ለስላሳ ኮራል አልጌ እንደሚመገብ ታይቷል። ድንጋያማ ኮራሎች ግን ከውስጣቸው ከሚኖሩ አልጌዎች ኃይል ያገኛሉ፤ ከውጭ የሚይዙትም በአብዛኛው እንስሳትን ነው። ስለዚህ አልጌውን ወደ ገንዳው ከመገልበጥ ለሮቲፈር መስጠት ይሻላል። ሮቲፈሩ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት በ120 ክሩ ጨርቅ ተጠልሎ በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ይታጠባል፤ የማራቢያው ውሃ ከነአሞኒያው ይደፋል።