ጎተራ ምንድን ነው?

የባሕር ዳርን ልጅ «ጎተራ የት ነው?» ብትሉት አዲስ አበባ ያለው ጎተራ ሰፈር ይልካችኋል። አይፈረድበትም። ያ ሰፈርም ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የእህል ማከማቻ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ገበሬው ጓሮ ጎተራ ነው።

ጎተራ ከቤት ውጭ የሚቆም የእህል ማስቀመጫ ነው። እንጨቱ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይታጠራል፣ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይመረግበታል፣ ውስጡ በእበት ይለቀለቃል። እርጥበትና ምስጥ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ቤት ውስጥ ያለውና ሴቶች ከጭቃ የሚሠሩት ደግሞ ጎታ ይባላል።

አያቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ አካባቢ ጎተራ ነበራት። እህል ከመክተቷ በፊት አንድ ፍሬ አንስታ በጥርሷ ትነክስ ነበር። ቀጭ ካለ ደርቋል። ለስለስ ካለ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥበት ይዞ የገባን በቆሎ ነቀዝ ይጨርሰዋላ! ጤፍን ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም።

ጎተራው የሞላ ገበሬ መጠበቅ ይችላል። ጥር ላይ ሁሉም ሲሸጥ ዋጋ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ ይወደዳል። እሱ እስከዚያ ይታገሳል፤ ዘሩንም ከራሱ ያወጣል። ጎተራ የሌለው እዚያው አውድማ ላይ ሸጦ፣ ሐምሌ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ታዲያ ለምን እየጠፋ ነው? አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት መጥቷል፤ ነቀዝን በደንብ ስለሚከላከል እሱን አልጠላውም። ዋናው ጉዳይ መሬቱ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ ብዙ የእህል ማሳ ጫትና ባህር ዛፍ ሆኗል። ጫት ደግሞ ጎተራ አይገባም፤ በተቆረጠ ዕለት ካልተሸጠ ይጠወልጋል። የቀረውም ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ይሄዳል። ከዚያ ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱን ይወስዳል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ካሳ እንዲከፈለው ያዛል። በ1997ቱ አዋጅ 10 ነበር። ተሻሽሏል፣ ጥሩ ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ ብር በእጁ ሳይሆን እህል በጎተራው ሲቆጥር ለኖረ ሰው፣ ያን ሁሉ ብር በአንድ ቀን ተቀብሎ ማስተዳደር ቀላል አይደለም።

ከአያቴ ጎተራ የቀሩት ከሥሩ የነበሩት ድንጋዮች ብቻ ናቸው። አንዱን የግቢውን በር ማስደገፊያ አድርገነዋል። ጤፉን ከገበያ በኪሎ ነው የምንገዛላት። ስናመጣላት ከረጢቱን ከፍታ መጀመሪያ አንድ ቁንጥር ወደ አፏ ታደርጋለች።