በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት

ኒው ዮርክና ማድሪድ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናቸው። ካርታ ላይ ሲታዩ፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ቢበር የሚያደርሰው ይመስላል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም። አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነሳል፣ አትላንቲክ መሃል ላይ 46 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ማድሪድ ይወርዳል።

የምድር ሉል ያለው ሰው ይህን በክር ማየት ይችላል። የክሩን አንድ ጫፍ ኒው ዮርክ ላይ፣ ሌላውን ማድሪድ ላይ ይዞ ወጠር ማድረግ ነው። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ይሸሻል። ይህ መስመር ታላቁ ክብ ይባላል። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት ሲነገርም የሚለካው በዚሁ መስመር ነው። ለኒው ዮርክና ማድሪድ 5,770 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 40 ዲግሪን ተከትሎ የሚሄድ ግን ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጨምርበታል።

ዓይናችንን ያሳሳተው ጠፍጣፋው ካርታ ነው። ካርታ ሠሪው መርካቶር በ1569 ያወጣው ካርታ ለመርከበኞች ተብሎ የተሠራ ነበር። የኮምፓስ አቅጣጫ ሳይቀይሩ የሚሄዱበትን መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ያደርግላቸዋል። ለዚያ ሲባል ወደ ዋልታዎቹ የቀረበውን ሁሉ ይለጥጠዋል፣ ርቀቱም አብሮ ይዛባል።

አብራሪዎች ርቀትን የሚቆጥሩት በባሕር ማይል ነው። አንዱ 1,852 ሜትር ነው፤ የአንድ ዲግሪ ኬክሮስ 60ኛ ክፍል ማለት ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ከተሞች የቱንም ያህል ቢራራቁ ከ20,000 ብዙም አያልፉም። ያለማረፍ ከሚደረጉ መደበኛ በረራዎች ረጅሙ የሚባለው የሲንጋፖርና የኒው ዮርክ ነው፦ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ18 ሰዓት በላይ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ርቀቱ ሳይቀየር ሰዓቱ መቀየሩ ነው። ከኒው ዮርክ ለንደን 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ሰባት ሰዓት አይሞላም፣ ሲመለሱ ስምንት ይጠጋል። አሥር ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ጄት ስትሪም ይሉታል። ሲሄዱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ስለዚህ አብራሪው ነፋሱን ለመጠቀም ወይም ለመሸሽ ሲል ከአጭሩ መስመር ሆን ብሎ ይወጣል።

የተዘጋ ሰማይ ደግሞ ከነፋስም ይብሳል። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ላይ ሲታለፍ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። በ2022 የሩሲያ አየር ክልል ለፊንላንድ አውሮፕላኖች ሲዘጋ ጉዞው ወደ 13 ሰዓት ተራዘመ። ከሄልሲንኪ የሚነሳው አውሮፕላንም ወይ በደቡብ በኩል መዞር፣ ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ማለፍ ግድ ሆነበት።